በአንድ ሰርቨር ውስጥ የሚኖሩ ምናባዊ ኮምፒዩተሮች አነሣሥና አዘጋግ

የኤሌክትሪክ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ በቤታችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አምፖሉ ይጠፋል፤ ሬዲዮው ዝም ይላል፤ የእንጀራው ምጣድ ይቀዘቅዛል። ኃይሉ ሲመለስ ደግሞ አምፖሉ ማንም ሳይነካው ወዲያውኑ ይበራል። አምፖል የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለው በመጥፋቱም ሆነ መልሶ በመብራቱ የሚጎድልበት የለም። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አይደለም። ሲጠፋ ጀምሮ ያልፈጸመው ሥራ በእጁ ይገኛል፤ ሲነሣም አንዱን ከሌላው አስቀድሞ ሊያከናውናቸው የሚገቡ ተግባሮች አሉት። በተለይም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌሎች ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚኖሩ ሲሆን፣ ማን ቀድሞ ይነሣ፣ ማን በመጨረሻ ይዘጋ የሚለው ጥያቄ ብርቱ ጥንቃቄን የሚሻ ይሆናል።

«በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ይኖራሉ» የሚለው አነጋገር ለሰሚው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከት። ሰርቨር ማለት ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት የሚሰጥ፣ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ የሚሠራ ጠንካራ ኮምፒዩተር ነው። አንድ ሰርቨር አንድ ሥራ ብቻ ቢሰጠው አብዛኛው ጉልበቱ ያለ ሥራ ይውላል። በሌላ በኩል ብዙ ሥራዎችን በአንድነት ደባልቀን ብናሸክመው የአንዱ ብልሽት ለሌላው ይተርፋል። ከዚህ ችግር ለመውጣት የተገኘው ዘዴ ሰርቨሩን በሐሳብ መከፋፈል ነው። ሃይፐርቫይዘር የተባለ ልዩ ፕሮግራም የሰርቨሩን የሥራ ጊዜ፣ ራም የሚባለውን ጊዜያዊ የመረጃ መያዣውንና ሃርድ ዲስኩን እየከፋፈለ ያድላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጫንበታል፤ ራሱንም እንደ ሙሉ ኮምፒዩተር ይቆጥራል። ከጎኑ ሌላ ጎረቤት እንዳለም አያውቅም። እንዲህ ያለው ክፍል በውጭ ቋንቋ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል፤ እኛ በዚህ ምንባብ ምናባዊ ኮምፒዩተር እንለዋለን። ብረትና ሽቦ ያለው እውነተኛው ሰርቨር «አስተናጋጅ» ሲባል በውስጡ የሚኖሩት ደግሞ «እንግዶች» ይባላሉ። ስያሜው ተስማሚ ነው፤ አስተናጋጁ ቤቱን ሳይከፍት እንግዳ ሊገባ አይችልምና።

ይህ ዘዴ የትናንት ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በኬምብሪጅ ከተማ፣ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ የሳይንስ ማዕከል ባለሙያዎች ሲፒ 40 የተባለውን የመጀመሪያ ሥርዓት በሥራ ላይ አውለው ነበር። በ1972 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ቪኤም 370 የተባለውን ሥርዓት ለደንበኞቹ አስታወቀ። በዚያን ዘመን አንድ ኮምፒዩተር ሰፊ ክፍል የሚይዝና ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ነበር ለብዙ ሰዎች ማካፈል ግድ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሮች እየረከሱ ሲመጡ ዘዴው ለጥቂት ጊዜ ከብዙዎች አእምሮ ራቀ። በ1998 ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በካሊፎርኒያ ሲመሠረት፣ በ2007 ደግሞ ኬቪኤም የተባለው ሥራ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አካል ሲሆን፣ ዘዴው በትንንሽ ሰርቨሮችም ላይ ተስፋፋ።

ከቪኤም 370 ዘር የሆነውና በትላልቅ የአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠራው ዜድ ቪኤም የተባለ ሥርዓት ለርእሳችን የሚስማማ አንድ ልማድ አለው። አስተናጋጁ ሲነሣ ማንም ሳያዝዘው ከሚያስነሣቸው ጥቂት እንግዶች አንዱ አውቶሎግ 1 ይባላል። አውቶሎግ 1 ብዙውን ጊዜ የራሱ የሆነ ሌላ ሥራ የለውም። ተግባሩ የሌሎቹን ስም ዝርዝር ይዞ በተራ በተራ ማስነሣት ነው። በትምህርት ቤት ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ደወል እንደሚደውለው የጥበቃ ሠራተኛ ልንመስለው እንችላለን። በኋላ የመጡት ሥርዓቶች ይህን ተግባር ለአንድ እንግዳ መስጠታቸውን ትተው ለሃይፐርቫይዘሩ ራሱ አስረከቡት እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እናጥና። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሰርቨር አለ እንበል። የሰርቨሩ ራም 32 ጊጋባይት ነው። በውስጡ አራት እንግዶች ይኖራሉ። የመጀመሪያው በግቢው ለሚገኙ ኮምፒዩተሮች ሁሉ አድራሻ የሚያድልና የአንዱን ስም ለሌላው የሚያስታውቅ ነው፤ ድርሻውም 2 ጊጋባይት ነው። ሁለተኛው የተማሪዎች መዝገብ፣ ማለት ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና የየሴሚስተሩ ውጤታቸው የሚገኝበት ዳታቤዝ ሲሆን 8 ጊጋባይት ይዟል። ሦስተኛው መምህራን ሮስተር የሚሞሉበት ፕሮግራም ነው፤ 4 ጊጋባይት ተሰጥቶታል። አራተኛው ተማሪዎች የኮምፒዩተር ትምህርት የሚለማመዱበት ሲሆን 12 ጊጋባይት ወስዷል። የቀረው 6 ጊጋባይት ለአስተናጋጁ ለራሱ ነው። እነዚህ አራቱ እንደ ጎረቤት ይኑሩ እንጂ እኩያሞች አይደሉም። የሮስተሩ ፕሮግራም ያለ ዳታቤዙ ባዶ ቅጽ ነው። ዳታቤዙም አድራሻ አዳዩ ካልተነሣ በስሙ ሊገኝ አይችልም። የልምምዱ ኮምፒዩተር ግን ቢኖርም ባይኖርም ለሌሎቹ ምንም አይጎድልባቸውም።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ንጋት ላይ ተመለሰ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መምህራን ውጤት ለመሙላት ሲቀመጡ ሮስተሩ ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቃቸው ምን ምን መሟላት አለበት?

የመጀመሪያው ጉዳይ አስተናጋጁ ራሱ መነሣቱ ነው። ይህም ብዙ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። እንግዶቹ በራሳቸው እንዲነሡ በሚገባ ከታዘዙ በኋላ አስተናጋጁ አንድ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫነው ድረስ ተኝቶ ይገኛል። በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ የሚገኘው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ምርጫ አለው። ምርጫዎቹም እንደ ጠፋ መቆየት፣ መነሣት፣ ወይም ከመቋረጡ በፊት ወደ ነበረበት ሁኔታ መመለስ ናቸው። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የተመረጠው መጥፋት ስለ ሆነ፣ ለሰርቨር የሚስማማውን ምርጫ የሚያስገባው ባለሙያው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የትኛው እንግዳ በራሱ ይነሣ የሚለው ነው። የማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ ለእያንዳንዱ እንግዳ ሦስት ምርጫዎችን ያቀርባል። አንደኛው ምንም አለማድረግ ነው። ሁለተኛው አስተናጋጁ ሲጠፋ ይሠራ የነበረ እንደ ሆነ ብቻ ማስነሣት ነው። ሦስተኛው በማናቸውም ሁኔታ ማስነሣት ነው። በሊኑክስ ላይ ኬቪኤምን ለማስተዳደር የሚያገለግለው ሊብቨርት ደግሞ «በራሱ ይነሣ» የሚል ምልክት የተደረገባቸውን እንግዶች በአንድ ማኅደር ይመዘግባል፤ ሲነሣም ማኅደሩን ከፍቶ ያያል። ጀማሪ ባለሙያ ሁሉንም እንግዶች በዚህ መዝገብ ማስፈር ይቀናዋል። በምሳሌያችን ግን የልምምዱ ኮምፒዩተር ከሁሉ ይልቅ ብዙ ራም የሚይዝ፣ ሌሊት ማንም የማይፈልገው ነው። ክፍለ ጊዜው ሲደርስ መምህሩ ቢያስነሣው ይበቃል። አስተናጋጁ በተነሣበት የመጀመሪያ ደቂቃ ዲስኩን ከዳታቤዙ ጋር እንዲሻማ መፍቀድ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው። በቪየና፣ ኦስትሪያ የተሠራውና በኬቪኤም ላይ የቆመው ፕሮክስሞክስ የተባለው ሥርዓት ለእያንዳንዱ እንግዳ የተራ ቁጥር እንዲሰጠው ያደርጋል። 1 ቁጥር የተሰጠው አስቀድሞ ይነሣል፤ 2 ይከተላል፤ ቁጥር ያልተሰጣቸው ቁጥር ካላቸው በኋላ ይነሣሉ። ሲዘጋ ግን ተራው ይገለበጣል፤ በመጨረሻ የተነሣው ቀድሞ ይዘጋል፤ 1 ቁጥር የያዘው ሁሉን ሸኝቶ በመጨረሻ ይዘጋል። በምሳሌያችን አድራሻ አዳዩ 1፣ ዳታቤዙ 2፣ የሮስተሩ ፕሮግራም 3 ቁጥር ያገኛሉ።

ይሁንና ተራ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ልዩነት አለ፤ እርሱም በመነሣትና ዝግጁ በመሆን መካከል ያለው ነው። እንጀራ ጋጋሪ ሶኬቱን እንደ ሰካች ወዲያው ሊጥ አታፈስስም፤ ምጣዱ እስኪግል ትጠብቃለች። ሃይፐርቫይዘሩ የሚያውቀው ሶኬቱ መሰካቱን ነው። ምጣዱ መጋሉን፣ ማለት በእንግዳው ውስጥ ያለው ዳታቤዝ መዝገቡን ከፍቶ ጥያቄ ለመመለስ መዘጋጀቱን፣ በተለመደው መንገድ አያውቅም። ዳታቤዙ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከተነሣ በኋላ የራሱን ፋይሎች ለመመርመር ጊዜ ይወስዳል፤ በተለይም ከዚያ በፊት በድንገት ጠፍቶ የነበረ ከሆነ ምርመራው ይረዝማል። የሮስተሩ ፕሮግራም በዚህ መካከል ተነሥቶ ዳታቤዙን ቢጠራና መልስ ቢያጣ፣ ተስፋ ቆርጦ ሊቆም ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም እንግዶች «በሥራ ላይ» የሚል ምልክት ያሳያሉ፤ መምህሩ ግን ሮስተር አያገኝም። ይህን ዓይነት ብልሽት ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው፤ እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲመረመር ደኅና ይመስላልና።

ስለዚህ በአንዱና በተከታዩ መነሣት መካከል የመቆያ ጊዜ ይደረጋል። በቪኤምዌር ኢኤስኤክስ-አይ ይህ ጊዜ ባለሙያው ካልለወጠው በቀር 120 ሰከንድ ነው። በእንግዳው ውስጥ የተጫነው የቪኤምዌር አጋዥ ፕሮግራም መነሣቱን ሲያስታውቅ ጊዜው ሳይሞላ ወደሚቀጥለው እንዲታለፍ ማድረግም ይቻላል። በፕሮክስሞክስ ባለሙያው ራሱ ሰከንዱን ይጽፋል። በምሳሌያችን ከአድራሻ አዳዩ በኋላ 30፣ ከዳታቤዙ በኋላ 120 ሰከንድ ብንሰጥ ሮስተሩ አስተናጋጁ ከተዘጋጀ በኋላ በሦስት ደቂቃ ገደማ ይነሣል። ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ግን የሰከንድ ግምት ብቻውን የሚያስመካ ዘዴ ሆኖ አይታየውም። ዛሬ በ40 ሰከንድ የሚከፈት ዳታቤዝ መዝገቡ በበዛ ጊዜ 200 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። የሚሻለው የሮስተሩ ፕሮግራም ራሱ መልስ ባጣ ጊዜ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ደጋግሞ እንዲጠይቅ ሆኖ መሠራቱ ነው። የመቆያው ጊዜ መንገዱን ያቀናለታል እንጂ ትዕግሥቱን አይተካለትም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መነሣት ነው። መዘጋት ግን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄን ይሻል። እንግዳ ሳይነሣ ቢቀር ሥራ ይዘገያል፤ በድንገት ቢጠፋ ግን የተሠራው ሥራ ሊጠፋ ይችላልና።

አንድ መምህር የ60 ተማሪዎችን ውጤት ሞልቶ «መዝግብ» የሚለውን ሲጫን፣ ቁጥሮቹ ሁልጊዜ በዚያው ቅጽበት ዲስክ ላይ ያርፋሉ ማለት አይደለም። ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር ዘገምተኛ ስለ ሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጽሑፉን በራም ውስጥ ያቆይና ሰብሰብ አድርጎ ይጽፈዋል። ራም ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ጸሐፊ መሥመሩን ሳይጨርስ ወረቀቱን ከእጁ ቢነጥቁት የተቆረጠ ቃል እንደሚቀር ሁሉ፣ በዲስኩም ላይ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ገጽ ሊቀር ይችላል። በሚገባ የተሠሩ ዳታቤዞች ይህን አደጋ በመገንዘብ ለውጡን በዋናው መዝገብ ላይ ከማስፈራቸው በፊት በሌላ የማስታወሻ ፋይል አስቀድመው ይጽፉታል፤ ከድንገተኛ መጥፋት በኋላም ማስታወሻውን አንብበው የተጓደለውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር መዝገብ ይበላሻል ብሎ መናገር ስሕተት ነው። ነገር ግን ይህ ጥበቃ የሚሠራው «ጽፌዋለሁ» የሚለው የዲስኩ መልስ እውነት ሲሆን ነው። በምናባዊ ኮምፒዩተር ዘንድ በእንግዳው ዳታቤዝና በእውነተኛው ዲስክ መካከል የእንግዳው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሃይፐርቫይዘሩና አስተናጋጁ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሥራ ለማፋጠን ሲል ጽሑፉ ዲስክ ሳይደርስ «ደርሷል» እንዲል ተደርጎ ከሆነ፣ ዳታቤዙ ተታሎ ይቀራል።

እንግዳን በአግባቡ መዝጋት ማለት ሥራውን ጨርሶ፣ በራም ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ አሳርፎ፣ በራሱ እጅ እንዲጠፋ ጊዜ መስጠት ነው። ይህን ለማድረግ ሃይፐርቫይዘሩ ለእንግዳው መልእክት ይልክበታል። የተለመደው መልእክት አንድ ሰው የኮምፒዩተሩን የማጥፊያ ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ ሲለቀው ከሚሆነው ጋር አንድ ዓይነት ነው። እንግዳው ቁልፍ የለውም፤ እንዳለው ግን ይመስለዋል። መልእክቱን የሰማ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ እያሰናበተ ይዘጋል። አንዳንድ እንግዶች ይህን መልእክት ችላ እንዲሉ ሆነው የተዘጋጁ ስለሚሆኑ፣ ከሃይፐርቫይዘሩ ጋር የሚነጋገር አነስተኛ ወኪል ፕሮግራም በውስጣቸው መጫን ይመረጣል።

መልእክቱ ተልኮ እንግዳው ባይዘጋስ? ለዘለዓለም አይጠበቅም። በፕሮክስሞክስ ባለሙያው ካልለወጠው በቀር ለአንድ ምናባዊ ኮምፒዩተር የሚሰጠው ጊዜ 180 ሰከንድ ነው፤ ያ ካለፈ በግድ ይጠፋል። በግድ ማጥፋት ማለት ከሶኬት ነቅሎ ከመጣል አይለይም። እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። በሊብቨርት እንግዳን በአግባቡ ለመዝጋት የሚሰጠው ትእዛዝ «ሻትዳውን» ይባላል፤ በግድ ለማጥፋት የሚሰጠው ግን «ደስትሮይ» የሚል ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «አፍርስ» እንደ ማለት ነው። ቃሉን መጀመሪያ የሚያየው ሰው እንግዳውን ከነፋይሉ የሚደመስስ ስለሚመስለው ይደነግጣል። እውነቱ ግን ትእዛዙ አንድም ፋይል አይሰርዝም፤ ኃይሉን ብቻ በድንገት ይቆርጣል። የቃሉ አስፈሪነት ግን ለጥንቃቄ ስለሚረዳ ክፉ አይደለም ለማለት ይቻላል።

ከመዝጋት ሌላ አንድ አማራጭ አለ፤ እርሱም እንግዳውን ባለበት ማስተኛት ነው። ሃይፐርቫይዘሩ በእንግዳው ራም ያለውን ሁሉ በዲስክ ላይ ይገለብጥና ያቆመዋል። በኋላም ያንኑ መልሶ ራም ላይ በመጫን ካቆመበት ያስቀጥለዋል። በሃይፐር-ቪ አስተናጋጁ ሲዘጋ አስቀድሞ የተመረጠው መንገድ ይኸው ነው። መንገዱ ያማረ ይመስላል፤ ፕሮግራሞቹም መዘጋታቸውን አያውቁም። ችግሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚጽፍ ዲስክ ላይ የ8 ጊጋባይት ራም ለመገልበጥ 80 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል፤ ብዙ እንግዶች በአንድ ጊዜ ሲገለበጡ ደግሞ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ከእንቅልፉ የተነሣ እንግዳ ሰዓቱ እስኪስተካከልለት ድረስ ጊዜው ገና ትናንት ማታ ይመስለዋል። የውጤት መዝገብ ደግሞ ቀንና ሰዓት የሚጻፍበት ነው።

እንግዲህ መብራት በድንገት በሚጠፋበት ቦታ «ጊዜ እንሰጠዋለን» ማለት ምን ትርጉም አለው? ጊዜውን የሚሰጠን ዩፒኤስ የተባለው ባትሪ ያለበት መሣሪያ ነው። ዩፒኤስ ኃይል ሲቋረጥ ከባትሪው ለሰርቨሩ ያቀብላል፤ በዩኤስቢ ገመድም «መብራት ሄዷል» የሚል መልእክት ይልካል። ሰርቨሩ ላይ መልእክቱን የሚሰማ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የተባለው በነጻ የሚገኝ ነው። ገመዱ ያልተሰካ ዩፒኤስ አደጋውን ለጥቂት ደቂቃ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ይህም በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚታይ ጉድለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በምሳሌያችን ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ለ10 ደቂቃ ያቆያል እንበል። አጭር መቋረጥ ሁሉ ሰርቨሩን እንዳያዘጋው የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ዝም ብሎ እንዲጠብቅ አደረግን። የቀረን 8 ደቂቃ ነው። አራቱ እንግዶች በተራ የሚዘጉ ሲሆን ለእያንዳንዳቸው የተሰጣቸውን 180 ሰከንድ ሳንነካ ብንተወው፣ ሁሉም ጊዜያቸውን ቢጨርሱ 720 ሰከንድ፣ ማለት 12 ደቂቃ ይሆናል። ባትሪው በ8ኛው ደቂቃ ያልቃል። በዚያን ጊዜ የልምምዱ ኮምፒዩተርና የሮስተሩ ፕሮግራም 6 ደቂቃ ወስደው ተዘግተዋል፤ ዳታቤዙ በመዘጋት ላይ ሳለ ኃይሉ ይቆረጥበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በተራው ሕግ መሠረት መጨረሻ አካባቢ የሚዘጋው ከሁሉ ይልቅ የምንሳሳለት ነው። ለማያስፈልገን እንግዳ የሰጠነው ትርፍ ጊዜ ከምንሳሳለት ላይ የተወሰደ ነው።

በርግጥ ደኅና እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ 180 ሰከንዱን አይጨርስም። ነገር ግን ሒሳቡ የሚሠራው ለክፉ ቀን ነው። ስለዚህ ለልምምዱ ኮምፒዩተር 60፣ ለሮስተሩ ፕሮግራም 60፣ ለዳታቤዙ 240፣ ለአድራሻ አዳዩ 30 ሰከንድ እንስጥ። ድምሩ 390 ሰከንድ፣ ማለት 6 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። የቀረው 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ አስተናጋጁ ራሱ የሚዘጋበት ይሆናል። በልምምዱ ኮምፒዩተር ላይ ያልተመዘገበ የተማሪ ሥራ ሊጠፋ ይችላል። ይህም ጉዳት ነው፤ ከ60 ተማሪዎች ውጤት ጋር ሲመዛዘን ግን የሚመረጠው ግልጽ ነው።

አንድ ረቂቅ ወጥመድ ይቀራል። ሰርቨሩ መዘጋት ከጀመረ በኋላ፣ ባትሪው ሳያልቅ መብራት ቢመለስስ? ሰርቨሩ መዘጋቱን ይቀጥላል፤ ይጠፋልም። ዩፒኤሱ ግን አንድም ጊዜ ኃይል ስላላቋረጠበት፣ ባዮሱ «ኃይል ተቋርጦ ተመለሰ» የሚለውን ነገር አያይም። እንዲነሣም የሚነግረው የለም። መብራት እያለ፣ ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ሰርቨሩ ተኝቶ ይገኛል። መድኃኒቱ አስተናጋጁ ሊጠፋ ሲል ለዩፒኤሱ «ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ኃይሌን ቁረጥ፤ መብራት ሲኖር መልሰህ ስጠኝ» ብሎ እንዲያዝዝ ማድረግ ነው። ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ ይህን ለማድረግ የተዘጋጀ ነው። አንዳንድ ዩፒኤሶች ደግሞ መብራት ቢመለስም ባትሪው የተወሰነ መጠን እስኪሞላ ድረስ ኃይል እንዳይለቁ ሊታዘዙ ይችላሉ። መብራት ለአምስት ደቂቃ መጥቶ ዳግም በሚሄድበት አካባቢ ይህ ምርጫ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሰርቨሩ ባዶ ባትሪ ይዞ ተነሥቶ በመነሣት ላይ ሳለ በድንገት እንዳይጠፋ ያደርገዋልና።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የተሠራ ሒሳብ ነው። እውነተኛነቱ የሚታወቀው ትምህርት በማይኖርበት ቀን፣ የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ነቅሎ በማየት ነው። ባለሙያው ሰዓት ይዞ እያንዳንዱ እንግዳ በስንት ሰከንድ እንደ ተዘጋ፣ በግድ የጠፋ እንዳለም ይጽፋል። ከዚያም ገመዱን መልሶ ሰክቶ፣ ምንም ሳይነካ፣ በሌላ ክፍል በሚገኝ ኮምፒዩተር ላይ ሮስተሩን ለመክፈት ይሞክራል፤ በሰርቨሩ መስኮት ላይ «በሥራ ላይ» የሚለውን ምልክት ማየት አይበቃውም። የእንግዶቹ ተራ ቁጥር፣ የመቆያውና የመዝጊያው ሰከንድ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከሰርቨሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሰርቨሩ ሲጠፋ በውስጡ የተጻፈ መመሪያ ሊነበብ አይችልም። የዩፒኤስ ባትሪ በየዓመቱ እየደከመ ስለሚሄድ ዘንድሮ 10 ደቂቃ የቆየው ከሦስት ዓመት በኋላ 5 ደቂቃም ላይቆይ ይችላል። በዚያን ጊዜ 390 ሰከንዱ አይበቃም፤ ወይ ባትሪው ይለወጣል፣ ወይ ሒሳቡ እንደ ገና ይሠራል።